«ፓፉ አይሠራልኝም» ለምትሉ፦ መድኃኒቱን በሃይላንድ ሳንባ ድረስ ማድረስ

«ሲስተር፣ ይሄ የሚነፋው አይሠራልኝም። ኪኒን ስጡኝ።» ደሴ ላይ በምሠራበት የክትትል ክፍል ይህን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። እኔም መልሼ «እስቲ እንዴት እንደሚነፉት ያሳዩኝ» እላለሁ። ያኔ ነገሩ ይፈታል። ከኩታበር የመጡ አንዲት እናት ክዳኑን ሳይነቅሉ ይጫኑት ነበር። አንድ አባት ደግሞ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው እንደ ሽቶ ደረታቸው ላይ ረጩት። «ሳንባ ያለው እዚህ አይደል?» አሉኝ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ ማንም ቁጭ ብሎ አላሳያቸውም። መድኃኒቱ ይሠራል። ሳንባ አልደረሰም እንጂ።

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ስልክ የያዛችሁ ልጆች ናችሁ። የሚታመሙት እናትና አባት ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁ ጨርሳችሁ አንብቡት። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አብራችሁ ሥሩት። «አንቱ ተሳስተዋል» አይባልም፤ «እስቲ አብረን እንሞክረው» በሉ።

መመሪያው ፓፉን በሃይላንድ፣ ማለትም በባዶ የውኃ ጠርሙስ በኩል ስለመንፋት ነው፤ ሐኪም አይቷቸው አስም ወይም ሲኦፒዲ (የሳንባ አየር ቧንቧ ሥር የሰደደ መጥበብ) ተብለው ፓፍ ለታዘዘላቸው ነው። ሳል ስላለ ብቻ ከጎረቤት ፓፍ ተውሶ ለሚጀምር አይደለም። ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ መጀመሪያ የአክታ ምርመራ ይደረግ፤ ቲቢ ሊሆን ይችላል። በመንግሥት ጤና ተቋም የቲቢ ምርመራውም ሕክምናውም ነጻ ነው።

በቅድሚያ፦ የትኛው ፓፍ እንደሆነ ለዩ

ፓፍ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሥራቸውም ለየቅል ነው።

ማስታገሻው ሳልቡታሞል ነው። ብዙ ሰው ቬንቶሊን ይለዋል። የተኮማተረውን የአየር ቧንቧ ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል። ጉልበቱ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል።

መከላከያው ለምሳሌ ቤክሎሜታሶን ነው። የቧንቧውን እብጠት ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ለውጡ ለመታየት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ደህና በሆኑበት ቀንም ይወሰዳል። «ወሰድኩት፣ ምንም አልተሰማኝም» ብለው የሚጥሉት ይሄኛውን ነው።

ማስታገሻው ብዙ ጊዜ ሰማያዊ፣ መከላከያው ቡናማ ነው። ነገር ግን እንደ ፋብሪካው ይለያያል፤ በቀለም ብቻ አትመኑ፣ ስሙን አንብቡ። እናታችሁ ማንበብ ካልቻሉ መከላከያው ላይ ክር እሰሩበት። በጨለማም በእጃቸው ዳሰው ይለዩታል።

ሃይላንዱ ለምን አስፈለገ?

ፓፉ ሲጫኑት መድኃኒቱ በኃይል ይወጣል። መጫንና መሳብ በአንድ ቅጽበት ካልገጠሙ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ቦታ ሰጪው (ፋርማሲዎች ስፔሰር ይሉታል) ጉሙን ለጥቂት ሰከንድ ይይዝላችኋል። ከዚያ ተረጋግቶ መሳብ ይቻላል። ፋርማሲ ካገኛችሁና አቅም ከፈቀደ የተሠራውን ግዙ፤ በቀጥታ ወደ አነፋፈሱ እለፉ። ካልሆነ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ኬፕታውን ውስጥ አስም የተነሳባቸውን ሕፃናት ያየ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነበር። ቀዳዳው በደንብ የታሸገ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከሚሸጠው እኩል ሠርቷል። ከሁሉም ያነሰው ኩባያ ነበር። ስለዚህ በኩባያ አትድከሙ፤ የቀዳዳውንም ዙሪያ ሳታሽጉ አትተዉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ የሚሆነው ውስጡ የብረት ጣሳ ላለው ፓፍ ብቻ ነው። ዱቄት ለሆነው ዓይነት ሃይላንድ አይሆንም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ውኃ ብቻ የነበረበት፣ ያልተጨማደደ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ። ዘይት፣ ነጭ ጋዝ ወይም አረቄ የገባበት አይሆንም።
- ፓፉ ራሱ
- ሁለት ስንዝር የሚሆን ወፈር ያለ ሽቦ
- ፒንሳ
- ፍም
- የቁስል ፕላስተር
- ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና

ማስቲሽ አትጠቀሙ። ሽታው ራሱ ደረት ይዘጋል።

ሃይላንዱን ማዘጋጀት

1. የብረቱን ጣሳ ከፕላስቲክ ቤቱ አውጥታችሁ ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ውስጡ የታመቀ ጋዝ ነው፤ እሳት ካገኘው ይፈነዳል።

2. ሽቦውን በፓፉ የፕላስቲክ አፍ ዙሪያ ጠምዝዛችሁ ልኩን አውጡ። ከዚያ አውልቁት። የተረፈው ጅራት መያዣ ይሁናችሁ።

3. ውጭ ውጡ። ሽቦውን ፍም ላይ አግሉና በፒንሳ ያዙት። ይህን የሚሠራው ጤነኛ ሰው ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ጭስ ለታማሚ መርዝ ነው፤ እሳቸው ቤት ይቆዩ።

4. የጋለውን ሽቦ ሃይላንዱ ቂጥ ላይ፣ መሐል ለመሐል ጫን አድርጋችሁ አሥር ያህል ቁጠሩ። ፕላስቲኩ በሽቦው ቅርጽ ይቀልጣል። ትንሽ ጠበብ ይበል እንጂ አይስፋ፤ የጠበበ ይሰፋል፣ የሰፋ አይጠብም።

5. ጠርዙ ሳይቀዘቅዝ የፓፉን አፍ አስገቡበት። ትኩሱ ፕላስቲክ ቅርጹን ይይዛል፤ መድኃኒቱም በጎን አያመልጥም።

6. ሲቀዘቅዝ አውጡትና ውስጡን ፀሐይ ላይ እዩ። የቀረ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ካለ አራግፉ። ይህን አትዝለሉ፤ ፍርፋሪው ከትንፋሽ ጋር ሊገባ ይችላል።

7. ለብ ባለ ውኃ ላይ ጥቂት ጠብታ ሳሙና ጨምራችሁ እጠቡ። ከንፈር የሚነካውን የሃይላንዱን አፍ ብቻ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ። ውስጡን በጨርቅ አትወልውሉ። ገልብጡትና በራሱ ይድረቅ። ምክንያቱን ልጆች ትምህርት ቤት አይታችሁታል፦ ማበጠሪያ ጸጉር ላይ ታሽቶ ወረቀት ይስባል። የተወለወለ ፕላስቲክም እንደዚያው መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ይስባል፤ ለሳንባ የሚተርፈው ይቀንሳል።

8. በማግስቱ የብረቱን ጣሳ ወደ ፕላስቲክ ቤቱ መልሱ፤ ፓፉን አስገብታችሁ ዙሪያውን በፕላስተር እሸጉ።

አነፋፈሱ

1. ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ወይም ይቁሙ። ተጋድሞና ተጠቅልሎ መንፋት ሳንባን ያጠብባል።

2. የፓፉንም የሃይላንዱንም ክዳን ክፈቱና ወደ ውስጥ እዩ። ፓፍ ኪስ ውስጥ ከሳንቲምና ከቆሎ ጋር ይከርማል፤ ሲጫኑት የገባው ነገር ጉሮሮ ውስጥ ይወረወራል።

3. ፓፉ አዲስ ከሆነ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ ካልተነካ፣ ሃይላንዱ ላይ ሳትሰኩት ወደ አየር 2 ወይም 3 ጊዜ ርጩ። የመጀመሪያው ርጭት መድኃኒቱ ሙሉ አይደለም።

4. ከነሃይላንዱ ከ5 እስከ 10 ጊዜ ነቅንቁ። መድኃኒቱ እንደ ጀበና አተላ ወደ ታች ይዘቅጣል። ካልተነቀነቀ የሚወጣው መድኃኒት ልኩን አይጠብቅም።

5. ወደ ውጭ፣ ከሃይላንዱ ጎን፣ ቀስ ብለው ይተንፍሱ። ሳንባው ቦታ ይለቅ።

6. የሃይላንዱን አፍ ጥርስ መሐል አስገብተው በከንፈር ይክደኑት። ምላስ ወደ ታች።

7. አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ። ሁለት ጊዜ ከተጫኑ ጉሙ እርስ በርሱና ከግድግዳው ይጣበቃል፤ ሳንባ የሚደርሰው ይቀንሳል።

8. ከንፈር ሳይለቁ በአፍ ቀስ ብለው 5 ጊዜ ይሳቡ፣ ያስወጡ። ትንፋሽ መያዝ የሚችሉ ደግሞ አንዴ ረጅም ስበው እስከ 10 ይቁጠሩ። መቸኮል የለም፤ በፍጥነት የተሳበ መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

9. ሁለት ታዝዞ ከሆነ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ሰዓት ለማያዩ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ አንድ ፋቲሓ፣ ወይም አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ ሳይቸኩሉ። ከዚያ እንደገና ነቅንቆ ከተራ 4 መጀመር።

10. መከላከያው ከሆነ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት ግድ ነው። አለበለዚያ ምላስ ላይ ነጭ ፈንገስ ይወጣል፣ ድምፅም ይሻክራል።

ማስታገሻውን ከነፉ በኋላ እጅ ትንሽ ሊንቀጠቀጥ፣ ልብም ሊመታ ይችላል። አብሽሩ፣ ያልፋል። ሦስት ሲኒ ቡና ተጠጥቶ ጫት ከተጨመረበት ግን ልቡ ይብስበታል፤ ጥፋቱን ፓፉ ላይ አታላኩት።

የደሴ ብርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ጣሳው ቀዝቅዞ ርጭቱ ይደክማል። በእጅ መዳፍ ጥቂት አሙቁት። ፍም ዳር፣ ምድጃ ዳር፣ ፈላ ውኃ ውስጥ በፍጹም! ባቲና ከሚሴ ላላችሁ ደግሞ በተቃራኒው፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ወይም መኪና ውስጥ አትተዉት።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

«ሱስ ያስይዛል» ብሎ ማቆም። ሱስ አያስይዝም። ሲያቆሙት የሚመለሰው በሽታው ነው፤ ሱሱ አይደለም።

ሣጥን ውስጥ መቆለፍ። ውድ ዕቃ ስለሆነ አንዳንድ እናቶች ከጥበብ ቀሚሳቸው ጋር ይቆልፉታል። ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥር ቁልፉ አይገኝም። ማስታገሻው ትራስ ሥር ይደር። መንገድ ሲወጣም አብሮ ይውጣ፤ ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ሰው ቦርሳውን ከመኪና አናት ላይ አይጫን።

መዋዋስ። ወሎ ላይ እምቢ ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሃይላንዱ ላይ የሰው ምራቅና ትንፋሽ አለ። ጎረቤት ከቸገረው የራሱን ሃይላንድ አብራችሁ ሥሩለት፣ ወደ ሐኪምም አድርሱት።

ያለቀውን መንፋት። ጣሳው መድኃኒቱ አልቆም ጋዙ ይቀራል፤ «ጭስ» ይወጣል፣ የሚሠራ ግን የለም። ውኃ ላይ አንሳፍፎ መለካትም ትክክል አይደለም፤ መውጫውን ይደፍነዋል። ቁጠሩ። ብዙው የሳልቡታሞል ፓፍ 200 ርጭት ነው። በቀን 4 ከሆነ 50 ቀን ይቆያል። የጀመራችሁበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ጣሳው ላይ ለጥፉ። ማስታገሻው በወር ውስጥ ካለቀ ሌላ ከመግዛት በፊት ወደ ክትትል ኑ፤ በሽታው ከቁጥጥር ወጥቷል ማለት ነው።

ትንፋሽ ሲያጥር እስከዚያው

ድንጋጤ ትንፋሹን ያፈጥነዋል። የፈጠነ ትንፋሽ ደግሞ የቆየውን አየር ሳያስወጣ አዲስ ይጨምራል፤ ደረት ይነፋል። መፍትሔው ማስወጣትን ማርዘም ነው።

1. ተቀምጠው ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ። ክንዳቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፉ፤ ቆመው ከሆነ ምርኩዛቸው ላይ ይደገፉ።
2. በአፍንጫ ሁለት እየቆጠሩ ያስገቡ።
3. ከንፈራቸውን ዋሽንት እንደሚነፋ ሰው አሹለው፣ አራት እየቆጠሩ ያስወጡ። በኃይል አይደለም፤ ሻማ ሳይጠፋ እንዲወዛወዝ ያህል። የሾለው ከንፈር ቧንቧዎቹን በአየር ግፊት ከፍቶ ይይዛቸዋል።

ዳገት ሲወጣ፣ እንስራ ሲነሳ፣ አንሶላ ሲታጠብም ይሄው ነው፦ ኃይል በሚወጣበት ቅጽበት ትንፋሽ ይወጣል። ትንፋሽ አፍኖ ዕቃ ማንሳት ነው ሰውን የሚጥለው።

የታዘዘው ማስታገሻም በዚሁ ጊዜ ይነፋ። ሐኪም ሌላ ካልጻፈላችሁ፣ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ እየቆዩ አንድ በአንድ እስከ 10 መድረስ ይቻላል። በ10ኛው ካልቀለለ ቤት መቆየት የለም፣ መንገድ ጀምሩ። መንገድ ላይም መንፋቱን ቀጥሉ።

ጭሱ

በደንብ እየነፉ ጭስ ውስጥ መዋል በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መስፈር ነው። እንጀራ የሚጋግሩ እናት ሲጋራ ሳይነኩ ሲኦፒዲ የሚይዛቸው በዚህ ነው። ምድጃ ቀይሩ ማለት ቀላል ነው፤ ገንዘቡስ? ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚሆነውን ልንገራችሁ።

- ጋገራውን ሌላ ሰው ይያዝላቸው። ልጅ፣ ምራት፣ ወንድም ቢሆን ይጋግር፤ እጅ አይጎድለውም።
- ኩበትና እርጥብ እንጨት ከደረቅ እንጨት ይልቅ ይጨሳል። እንጨቱ ከክረምት በፊት ይፈለጥና ይድረቅ።
- ከምድጃው በላይ፣ ግድግዳው አናት ላይ ጭስ መውጫ ክፈቱ። ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፤ በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም።
- ቡናው አይቅር። የሚቆላው ግን ደጅ ይሁን፣ ከሰሉም ውጭ ፍም ሆኖ ይግባ። እሳቸውን በር አጠገብ አስቀምጧቸው። ዕጣኑ ለአቦል፣ ለቶና፣ ለበረካ ይቆይ ከተባለም ራቅ ብሎ ደጃፍ ላይ ይጨስ። ወዳጃና ዱዓ ላይ ዕጣንና ጋያ ሲበዛ ውጭ መቀመጥ ነውር አይደለም፤ ቀድማችሁ ለአስተናጋጁ ንገሩት።
- ወይባ የምትሞቅ ሴት እቤት ካለች ጓዳው ተዘግቶ ይሁን፣ ታማሚዋ እዚያ አይግቡ። ራሳቸው ታማሚዋ ከሆኑ ወይባው ይቅር። እዚህ ላይ አልደራደርም።
- በከሰል በር ዘግቶ ማደር የማንንም ሕይወት ይቀጥፋል። ፍሙ ወጥቶ በሩ ይዘጋ።

የባሕር ዛፍ እንፋሎት መታጠን ለአስም ደረት አንዳንዴ ማባባሻ ነው። ቅቤ በአፍንጫ ማፍሰስ ግን ለሕፃንም ለሽማግሌም ክልክል ይሁንላችሁ። ቅቤው ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል።

ጾምና ጠበል

በረመዳን ጧትና ማታ የሚወሰደው መከላከያ ያለ ችግር ይገጥማል፦ አንዱ ስሑር ላይ፣ አንዱ ከኢፍጧር በኋላ። ቀን ላይ ማስታገሻ ስለመንፋት ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ ኢማማችሁን ከወሩ በፊት ጠይቁ። ትንፋሽ ካጠረ ግን ጥያቄው ይቆይ፣ ይነፋ። ሕመምተኛ ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ቁርኣን ፈቅዷል።

በዐቢይ ጾምም እንደዚሁ፣ የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ አማክሩ። ጠበል ለሚሄዱ የምለው አንድ ነው፦ ጠበሉንም መድኃኒቱንም። ፓፉ ቦርሳ ውስጥ አብሮ ይሂድ። ንጋት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ደረት ላይ ሲወርድ ቧንቧ ይኮማተራል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይጠመቁ፣ ወዲያው ጋቢ ይልበሱ።

ሳትጠብቁ የምትሄዱባቸው ምልክቶች

- አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መጨረስ ሲያቅታቸው
- ከንፈር ወይም ምላስ ሲጠቁር ወይም ሰማያዊ ሲመስል
- ሲያንቀላፉ፣ ሲደናገሩ፣ ሰው ሲሳሳቱ
- የጎድን አጥንት መሐል በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ
- ማስታገሻው ከ4 ሰዓት በታች ሲቆይ
- አክታው ደም ሲቀላቅል

አክታው በዝቶ ቀለሙ ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከተለወጠ፣ ትኩሳትም ካለ በዚያው ቀን ታዩ። ባለፈው ጊዜ የተረፈ አንቲባዮቲክ ከመሳቢያ አውጥቶ መዋጥ አይሆንም።

እጥበትና ክትትል

ሃይላንዱን በሳምንት አንዴ፣ እሑድ ወይም ጁምዓ ብላችሁ ቀን ቁረጡለትና፣ ከላይ እንደተባለው እጠቡ። የብረት ጣሳው ውኃ አይነካም። ሃይላንዱ ከተሰነጠቀ፣ ከደበዘዘ ወይም ቀዳዳው ከላላ አዲስ ሥሩ፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት ነው።

ለቀጠሮ ስትመጡ ፓፉንም ሃይላንዱንም ይዛችሁ ኑ። ማዘዣ ወረቀት ብቻ አትያዙ። ፊቴ ንፉልኝ፣ ልይ።